ከቁም ሳጥኔ ጀርባ የወጣችው ዶሮ

ትናንት ጠዋት ከቁም ሳጥኔ ጀርባ ዶሮ ወጣች።

እኛ ዶሮ የለንም። በሩ ዝግ ነው፣ መስኮቱም ዝግ ነው። ዶሮዋ ግን ላባዋን አራግፋ፣ ቤት ሊከራይ እንደመጣ ሰው ክፍሌን ዞር ዞር ብላ አየችው...

አባቴን ጠራሁት። ቁም ሳጥኑን ግራና ቀኝ ይዘን ጎተትነው። ከኋላው ግድግዳ ይኖራል ብለን ነበር። ያለው ትልቅ ቀዳዳ ነው፤ ከቀዳዳው ማዶ የጎረቤታችን ግቢ። ሴትዮዋ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ጎንበስ ብላ በቀዳዳው አየችን።

«እንዴት አደራችሁ?» አለች።

«እግዜር ይመስገን» አለ አባቴ። ምን ይበል?

ይሄን ቤት የገዛነው በበጋ ነው። አምቦ ውስጥ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስንንከራተት ኖረን፣ «ቤታችን» ማለት ገና መልመዳችን ነበር። ያኔ እኔ «ቤት የሚመረምር ባለሙያ ይዘን እንሂድ» ብዬ ነበር። የአባቴ አጎት ኦቦ ለሚ፣ በሬ ሲገዛም ልጅ ሲታጭም የማይቀሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ተቆጡ።

«ማሎ፣ ኧረ በፈጠራችሁ! ቤቱን የሚሸጥልን ሰውዬ ምሳ አብልቶን ባለሙያ ይዘንበት ልንሄድ? ሌባ ነህ ከማለት በምን ይለያል? ደግሞስ እኔ አለሁ አይደል?»

አሉ። መሣሪያቸው ከዘራ ነው። ግድግዳውን ድም ድም ያደርጉና ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። «ይሄ ወንድ ነው።» ቀጣዩን ድም ድም... «ይሄም ወንድ ነው።» አሁን የኔ የሆነው ክፍል ሲደርሱ አንዱ ግድግዳ በቁም ሳጥን ተሸፍኗል። እሳቸው ምን ገዷቸው፣ ቁም ሳጥኑን ድም ድም አደረጉት።

«ይሄማ የወንድ ወንድ ነው!»

«ኦቦ፣ እሱ እኮ ጣውላ ነው» አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም አይባልም?»

ሻጩም «ቁም ሳጥኑ ለልጅቷ ስጦታ ይሁን» ብሎ ተወልን። አብረውን የሄዱት ሽማግሌዎች ብድግ ብለው መረቁት። እኔም አሜን ብያለሁ...

ትናንት ከሰዓት ባለሙያው መጣ። ካቻቢቴውን የግድግዳው ቋሚ እንጨት ላይ ገፋ ሲያደርገው ልክ ዳቦ የወጋ ያህል ሰመጠለት። ውስጡን ምስጥ ጨርሶታል። ቆሞ የቀረው የሲሚንቶ ልስኑ ብቻ ነው።

«ጣሪያውን የተሸከመው ይሄ ጎን ነው» አለ። «ክረምት ሳይገባ ፈርሶ እንደገና መሠራት አለበት። ልጅቷም እዚህ እንዳትተኛ።» ከዚያ ዕቃውን እየሰበሰበ፣ «ከመግዛታችሁ በፊት ጠርታችሁኝ ቢሆን ይሄኔ ሌላ ቤት ውስጥ ነበራችሁ» አለ።

አባቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ቀዳዳውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ጫማውን አየ። ኪራይ ቤት በቀየርን ቁጥር እንኳ እንዲህ ደክሞት አይቼው አላውቅም።

ኦቦ ለሚ መጡ። በቀዳዳው ጎረቤታችንን ሰላም አሉ፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ከብቶቿ አንድ በአንድ ጠየቁ። አሁን ወደኛ ዞረው ይቅርታ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ስልካቸው ጮኸ። ጉደር ላይ ቤት ሊገዛ የተነሳ ዘመዳችን ነው፤ ግድግዳውን መጥተው እንዲያዩለት ይለምናቸዋል።

«ነገ በጠዋት እመጣለሁ» አሉት።

«ኦቦ፣ ማሎ፣ እባካችሁ ባለሙያ ይያዝ በሉት። እምቢ ካላችሁም ቢያንስ ቁም ሳጥን ካለ አስነሱት።»

«የሰው ዕቃ ማስነሳት ነውር ነው» አሉኝ።

ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ ግን ስሙኝ... ነውሩን ቻሉት። እኛ ይሉኝታ ይዞን፣ አሁን አባቴ ሰማዩን እያየ ደመና ይጠብቃል።

እኔ ሳሎን አደርኩ። ዛሬ ጠዋት ክፍሌን ባይ፣ ዶሮዋ ቁም ሳጥኑ የነበረበት ቦታ እንቁላል ጥላለች። ከዚህ ቤት እስካሁን ያተረፍነው እሱን ነው... እሱንም ጎረቤታችን በቀዳዳው እጇን ሰዳ ወሰደችው።