ሲኞራ ዲርቼና ትርፉ ሐዋርያ

የጡረተኞች አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ከሞተር ይልቅ ስለ ሆድ ማወቅ አለበት። ሞተር ሲቸግረው መብራት አብርቶ ያስታውቃል፤ ጡረተኛ ሲርበው ግን መሪ ይቀማል። ኤርሜስ እባላለሁ፤ መካኒክነት ተምሬ ሾፌርነት ላይ የቀረሁ ሰው ነኝ። በየነሐሴው የከተማችንን የካርፒን ጡረተኞች ማኅበር ጭኜ ወደ ማርኬ አውራጃ እወርዳለሁ። ጥቂት ቀን ባሕር ዳር ጃንጥላ ሥር ይጋደማሉ፤ አሸዋው ሲሰለቻቸው ወደ ኮረብታዎቹ አወጣቸዋለሁ። አገር ያያሉ ይባላል። እውነቱን ለመናገር የሚያዩት ምሳ ነው፤ የቀረው በሁለት ምግብ መካከል ያለ መንገድ ነው። አንቱታ የሚባል ነገርም አውቶቡሱ ላይ የለም፤ ከከተማ ስንወጣ እዚያው ይወርዳል።

ከኋላዬ ያለችው የመጀመሪያ ወንበር የሲኞራ ዲርቼ ናት። ዲርቼ ዕድሜዋን ሁሉ ሹራብ ፋብሪካ ውስጥ እጅጌ ስትገጥም የኖረች ሴት ናት። ሰው ስታይ ከፊቱ በፊት ትከሻውን ታያለች። የሸሚዜ ግራ እጅጌ ከቀኙ እንደሚረዝም የነገረችኝ ገና በተዋወቅን ዕለት ነው። አጠገቧ የምትቀመጠው ኖርማ ናት፤ በፋብሪካውም አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ ወንበር ቀይሩ ቢባሉ ግን ሁለቱም ያኮርፋሉ።

የዲርቼ ባል ኦሬስቴ ግንበኛ ነበር። ከሞተ ጥቂት ዓመታት ሆነው። ኦሬስቴ ማውራት ሲጀምር ሰው ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ አምኖት የሚነሳ ግን የለም። ከፖ ወንዝ ያወጣው ዓሣ ከተበላ በኋላም በየዓመቱ ያድግ ነበር። «ስዊዘርላንድ ጥሩ ሥራ አግኝቼ፣ ዲርቼን ጥዬማ አልሄድም ብዬ ቀረሁ» ይላል። ዲርቼ ይህን በሰማች ቁጥር፣ «አንተን? ስዊዞቹ? ግድግዳ የሚያጣምምላቸው አጥተው?» ትለዋለች። እሱ ዝም ይላል።

ከወሬዎቹ ሁሉ የባሰው ግን የሐዋርያው ነው። ኦሬስቴ የተወለደው ማርኬ ውስጥ፣ ሮካሴልቫ በምትባል የኮረብታ መንደር ነው፤ በልጅነቱ ነው ከቤተሰቡ ጋር ወደ እኛ ሜዳ፣ ወደ ካርፒ የወረደው። በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የመጨረሻው እራት ተሥሏል። «እዚያ ማዕድ ላይ» ይል ነበር፣ «ሐዋርያቱ አሥራ ሁለት አይደሉም፤ አሥራ ሦስት ናቸው። ትርፉ ቅድመ አያቴ ነው።» ሰውዬው ለሠዓሊው ኖራ የሚያመላልስ ነበር አሉ። ኖራውን ባራገፈ ቁጥር የሠዓሊውን ምሳ ጠራርጎ ስለሚበላ፣ ሠዓሊው ሊበቀለው ከነሆዳምነቱ ግድግዳ ላይ አስቀመጠው። ኦሬስቴ «በሚቀጥለው ዓመት ወስጄ አሳይሻለሁ» እንዳለ ሞተ።

ለዲርቼ ይህ ቀልድ አልነበረም። አንድ ቀን ነዳጅ ስቀዳ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ኤርሜስ፣ ያ ሰውዬ ግድግዳው ላይ ካለ ስዊዘርላንድም አለች ማለት ነው። ከሌለ ዕድሜ ልኬን የኖርኩት ከተረት ጋር ነው። ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«ስዊዘርላንድማ አለች» አልኳት።

«አንተ ነዳጅህን ቅዳ!»

ችግሩ ምንድን ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም ምሳ ይበላል። እኩለ ቀን ሲሆን ይዘጋል፤ ቁልፍ ያዡ በልቶ፣ ተኝቶ፣ ፊቱን ታጥቦ ሲመጣ ይከፈታል። የእኛ አውቶቡስ ደግሞ ከምሳ በፊት የትም ደርሶ አያውቅም። ካቻምና ሮካሴልቫ ስንደርስ ተዘግቷል፤ አምናም እንደዚያው። ዘንድሮ ጭራሽ ሕንፃው ከሳምንቱ መጨረሻ ጀምሮ ለእድሳት እንደሚዘጋ ሰማን። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም።

«እነሱ እድሳቱን እስኪጨርሱ እኔ እጨረሳለሁ» አለች ዲርቼ።

በጉዞው ቀን በማለዳ ተነሳን። በማለዳ ስል ሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ቡና ጠጥቶ ሁለት ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ማለቴ ነው። መንገዱ ላይ የጫማ ፋብሪካ መሸጫ አለ። ማርኬ ሄዶ ጫማ ሳይገዛ የተመለሰ የካርፒ ሰው እስካሁን አልተወለደም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጉዋልቲዬሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ፊሽካ ነፍቶ «አሥር ደቂቃ ብቻ!» አለ። ከዚያ በአንድ እግሩ ቡኒ፣ በሌላው ጥቁር አጥልቆ መስታወት ፊት ሲንጎራደድ በመስኮት አየሁት። የመጨረሻው ወጪም እሱ ሆነ። ዲርቼ ከወንበሯ አልተነሳችም። ፀሐይዋ ከፍ ስትል እያየች የቦርሳዋን ዘለበት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

ከሮካሴልቫ ግርጌ ያለው ምግብ ቤት በር ላይ ስቆም ምሳ ደርሷል። ዲርቼ ማይክሮፎኑን ከእጄ ነጠቀች።

«ወገኖቼ፣ ዛሬ ምሳው ይቆየንና ቀጥታ ወደ ላይ እንውጣ።»

 መርዶ የሰሙ ይመስል ሁሉም እጃቸውን ሆዳቸው ላይ ጫኑ።

«ይቆየን?» አለ ጉዋልቲዬሮ። «ዲርቼ፣ ያዘዝነው የማርኬው ምግብ፣ ቪንቺስግራሲ ነው እኮ! ከምድጃ ወጥቷል!»

«ግድግዳ የትም አይሄድም» አለች አንዷ ከኋላ፣ «ምግብ ግን ይቀዘቅዛል።»

«የሚሄደውስ ግድግዳው ነው!» አለች ዲርቼ።

እጅ አውጡ ተባለ። የወጣው የእሷ እጅ ብቻ ነው። ዞራ ኖርማን አየቻት።

«አትዪኝ» አለች ኖርማ። «የባልሽን ውሸት ለማየት ብዬ ምሳዬን አልተውም።»

ሁሉም ወረዱ። አውቶቡሱን ዛፍ ጥላ ሥር አስጠግቼ የእጅ ፍሬን ያዝኩ፤ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባሁ። የሾፌር ዕረፍት ሕግ ነው፤ ሕጉ ግን ዳገት አትውጣ አይልም። «ነይ» አልኳት። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሳናልፍ ከኋላችን ቁና ቁና የሚተነፍስ ሰው ሰማን። ኖርማ ናት፤ ከቁርስ የደበቀችውን ዳቦ በሞርታዴላ ሥጋ ይዛለች።

«ምሳሽን አልተውም አላልሽም?»

«የታለ የተውኩት? ይኸው በእጄ። አለመኖሩን በዓይኔ ካላየሁ ደግሞ ነገ አየሁት ብለሽ ታወሪያለሽ። ከባልሽ ተምረሻል።»

ቤተ ክርስቲያኑ ዝግ ነው። ቁልፍ ያዡ ኩዊንቶ ፊት ለፊት ያለው ቤት ነው የሚኖረው። መንደሩ ጭር ብሎ የሹካ ድምፅ ብቻ ይሰማል። በሩን ሚስቱ አሱንታ ከፈተች።

«እመቤቴ፣ ቁልፉን ፈልገን ነበር፤ አፍታም አንቆይ» አለች ዲርቼ።

«በልታችኋል?»

«እኛ የመጣነው ለቁልፉ...»

«ቁልፍ አይርበውም። የጠየቅሁት እናንተን ነው።»

ኩዊንቶ ናፕኪኑን አንገቱ ላይ አስሮ ከማዕዱ ራስ ተቀምጧል። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ጠረጴዛው ደርሷል። «በምሳ ሰዓት ለጳጳሱም አልከፍትም» አለ ሳይነሳ። «አንድ ጊዜ መጥተው ነበር።»

«እና ምን ሆኑ?» አለች ዲርቼ።

«በሉ።»

ተቀመጥን። የደረቀ ሥጋ መጣ፤ ቀጥሎ ቪንቺስግራሲ፣ ቀጥሎ ጥንቸል ጥብስ፣ ቀጥሎ ሐብሐብ። ሰሃን በተነሳ ቁጥር ዲርቼ ከወንበሯ ብድግ ትላለች፤ ሌላ ሰሃን ሲመጣ መልሳ ትቀመጣለች። በመጨረሻ ኩዊንቶ አፉን ጠረገ፣ እጁን ሆዱ ላይ አሳረፈ፣ እዚያው እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው። ቁልፉ ቀበቶው ላይ ነው፤ ቀበቶው ከሆዱ ሥር ነው።

«ቀስቅሺው» አለች ዲርቼ።

አሱንታ አማተበች። «በተጋባን ዓመት አንድ ጊዜ ቀስቅሼው ነበር» አለች። የቀረውን አልነገረችንም።

ከታች የጉዋልቲዬሮ ፊሽካ ተሰማ። ከሰዓት በኋላ ዋሻ ለማየት ቲኬት ተቆርጧል፤ እኔ ካልወረድኩ ሰዉ ሁሉ ፀሐይ ላይ ነው። ዲርቼ ጎንበስ ብላ እጇን ወደ ቁልፉ ሰደደች። ኩዊንቶ አንኮራፋ፤ ሆዱ ወረደ፤ ቁልፉ ጭራሽ ከዓይን ጠፋ። ዲርቼ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ኖርማም አየች። ኖርማ ሰው ሊያለቅስ ሲል ካየች ጨንቋት ስለ ምግብ የምታወራ ሴት ናት።

«መቼም አሱንታ» አለች፣ «ላዛኛሽ ጥሩ ነበር። የእኛን አይደርስም እንጂ።»

ማንኮራፋቱ ቆመ። አንድ ዓይን ተከፈተ።

«ላዛኛ?» አለ ኩዊንቶ።

አሱንታ «ወይኔ!» ብላ ብርጭቆዎቹን ከጠረጴዛው ታነሳ ጀመር።

«ሴትዮዋ ቪንቺስግራሲን ላዛኛ አሉት?»

«በድርብርብ ሊጥ መካከል ሥጋና ነጭ ስጎ ካለ ላዛኛ ነው» አለች ኖርማ። «ላዛኛ ደግሞ የእኛ ነው።»

«የእናንተ የተፈጨ ነው! ጥርስ ለሌለው ሕፃን የሚሰጥ! የእኛ በቢላ የተከተፈ፣ የዶሮ ጉበት የገባበት ነው!»

«ጉበት ያስገባችሁት ሥጋ አጥሯችሁ ነው።»

ኩዊንቶ ተነሳ። ሲነሳ ሆዱ ከፍ አለ፣ ቁልፉም ብቅ አለ። ዲርቼ ዘላ የቤቱን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ኖርማ፣ እየሄድሽ ተሟገቺ!»

ኖርማ ወዲያው ገባት። የኋሊት እየተራመደች «ሊጣችሁም እንቁላል ይጎድለዋል!» ትላለች፤ ኩዊንቶ ከነናፕኪኑ «ምን? እንቁላል?» እያለ ይከተላታል። አደባባዩን እንዲሁ ተሻገሩ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርሱ ዲርቼ፣ «ፀሐይ ይመታችኋል፤ ውስጥ ገብታችሁ ተጨቃጨቁ፤ ቀዝቃዛ ነው» አለቻቸው። ኩዊንቶ ዓይኑን ከኖርማ ሳይነቅል ቁልፉን ሰክቶ አዞረ።

ሥዕሉ የቀኙን ግድግዳ ይዞታል። ማዕዱ ረጅም ነው፤ ግራ ጫፉ ግን የለም። ከዓመታት በፊት የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ልስኑን አራግፎት ባዶ ስሚንቶ ተለጥፎበታል። ኖርማ ክርክሩን አቁማ በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች።

«ከጌታችን ጋር አሥራ ሦስት» አለች። «ሐዋርያቱ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሁሉም አሉ። ትርፍ የለም።» ቀጥላ ቀስ ብላ፣ «አዝናለሁ፣ ዲርቼ» አለች። አሸናፊ አትመስልም ነበር።

ዲርቼ ግን ስሚንቶው ዳር ተጠግታ ቆማለች።

«ይሄ የማን ነው?»

ከባዶው ስሚንቶ ጠርዝ አንድ ክንድ ብቻውን ወጥቶ ዓሣ ያለበት ሰሃን ውስጥ ገብቷል።

«የአጠገቡ ሰውዬ ይሆናላ» አለች ኖርማ።

«የእሱማ ይኸው፤ አንዱ ጽዋ ይዟል፣ አንዱ ጺሙ ላይ ነው።»

ከዚያ በኋላ እኔና ኩዊንቶ የለንም። ሁለቱ ሴቶች ፋብሪካቸው ተመልሰው የገቡ መሰሉ። ከግራ ጀምረው እያንዳንዱን እጅጌ ከትከሻው ጋር ያገጣጥሙ ጀመር።

«አረንጓዴው፣ ቀኝ አለ፣ ግራ አለ። ሞልቷል።»

«ቀዩ ግራው የለም።»

«አለ፤ ወዳጁ ጀርባ ላይ ነው፣ ጣቶቹን እዪ። ቢጫውስ?»

«ሁለቱም ዳቦ ላይ።»

እስከ ቀኝ ጫፍ ሄደው ተመለሱ። ኖርማ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች፤ መልሳ አጥልቃ ያን ክንድ አፈጠጠችበት። እጅጌው ከክርኑ በላይ ተጠቅልሏል፤ እንደሌሎቹ የወርቅ ጥለት የለውም። ክንዱ እስከ ክርኑ ድረስ ኖራ የመሰለ ነጭ ተረጭቶበታል።

«ይሄ የሐዋርያ እጅጌ አይደለም፤ የሠራተኛ ነው» አለች። «ዲርቼ፣ አንድ እጅጌ ተርፎናል። እጅጌ ከተረፈ አንድ ገላ ጠፍቷል ማለት ነው።»

ዲርቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ስከፍት ስዘጋ አረጀሁ፤ አንድ ቀን አላየሁትም» አለ ኩዊንቶ። «እኔ ሰሃኑን ነበር የማየው።»

ይህን ጊዜ ጉዋልቲዬሮ ሰዉን ሁሉ አስከትሎ፣ አዲሱ ጫማው ሲጥ ሲጥ እያለ ገባ። «ቲኬቱ ተቃጠለ! ሾፌሩ የታለ?» ብሎ ሲጮህ ኖርማ ጎትታ ግድግዳው ፊት ገተረችውና «እጆቹን ከባለቤታቸው አገናኝ» አለችው። እሱም ቆጠረ፤ ሌሎቹም ቆጠሩ። አንዳንዱ ተሳስቶ ከጀመረበት ጀመረ፤ ዋሻውን ያስታወሰ የለም። ኦሬስቴን የሚያውቁት ሽማግሌዎች አንገታቸውን እየነቀነቁ ወጡ። አንዱማ «እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ያንን ዓሣ ላምን ነው?» እያለ ነበር።

ስንመለስ ዲርቼ የቦርሳዋን ዘለበት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ እየወረድኩ በመስታወት አየኋት፤ ፊቷ ቀልቷል።

«ደስ አለሽ አይደል?» አልኳት።

«ተናድጃለሁ እንጂ!» አለች። «ውሸታም ባልኩት ቁጥር ዝም ይለኝ ነበር። ተሸንፎ መስሎኝ። ለካ እውነቱን ይዞ ነው ያስለፈለፈኝ!»

«ምን ይበልሽ ታዲያ?»

«ጠረጴዛ መትቶ መናገር ነዋ! 'ስዊዘርላንድን የተውኩት ለአንቺ ብዬ ነው፣ አንቺ ደንቆሮ' ማለት! ያኔ አምነዋለሁ፤ ካመንኩት ደግሞ...»

«ካመንሽው ምን?» አለች ኖርማ።

«አብሬው እሄዳለኋ! ማን ካርፒ እቀራለሁ አለው? አንድ ቃል ቢጠይቀኝ ኖሮ ይሄን ሁሉ ዘመን ተራራ እያየሁ እኖር ነበር፤ ይኸው በእሱ ደግነት ክረምት ከበጋ ጭጋግ ሳይ አረጀሁ!»