ጥሩወርቅ ያልተነገራት

በደርግ ጊዜ አዋሳ ፒያሳ ላይ ቀሚስ ያሰፋች ሴት ሁሉ ጥሩወርቅን ታውቃታለች። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ «ሆድሽን አትሳቢብኝ፣ ጨርቁ የአንቺን ውሸት አይችልም!» እያለች የምትለካ፣ አፏ የማያርፍ ልብስ ሰፊ ነበረች። ባል አግብታ ፈታለች፣ ልጅ የላትም። ያለቻት አንድ ታላቅ እህት፣ ካሰች ብቻ ናት። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገቻት እሷ ስለሆነች፣ ከእግዜር ቀጥሎ የምታምነው እሷን ነው።

አንድ ቀን ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ላይ ሽንብራ የምታክል ነገር ዳሰሰች። አታምም። ሌላዋ ብትሆን «ካላመመኝ ምን ቸገረኝ» ብላ ትተወው ነበር። እሷ ግን በነጋታው እህቷን አስከትላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ብልህነት ማለት ይኼ ነበር! ሐኪሙ ኩባዊ ነው፤ በአስተርጓሚ እየጠየቀ ደጋግሞ መረመራት። ከዚያ እሷ ውጪ እንድትጠብቅ ተደረገና ካሰች ገባች። የአገሩ ደንብ ነዋ፣ ክፉ ወሬ ለዘመድ እንጂ ለታማሚው አይነገርም።

ካሰች እየሳቀች ወጣች። «እጢ ነው፤ በራሱ ይጠፋል አሉ» አለቻት። ጥሩወርቅ እልል ማለት ነው የቀራት።

ከዚያ በኋላ እብጠቱ እያደገ ሄደ። «እትዬ፣ ይቺ ነገር እኮ ጨምራለች» ስትላት፣ ካሰች «አትነካኪያታ! ስትነካኪያት ነው የምታድገው» እያለች ቅጠል ወቅጣ ትለጥፍላታለች። አንድ ዓመት ከሁለት ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን ሲስተር ፅጌ የምትባል ነርስ ቀሚስ ልትለካ መጣች። ጥሩወርቅ ክንዷን ስታነሳ ፊቷ በሕመም ጭምድድ ሲል አየቻት። ከመጋረጃው ጀርባ ወስዳ ደረቷን ብትገልጠው የጡቷ ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ገብቷል። እጇን ይዛ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወሰደቻትና የድሮ ካርዷን አስወጣች።

«ነቀርሳ ተብሎ ተጠርጥሮ፣ አዲስ አበባ ሄደሽ ኦፕራሲዮን እንድትሆኚ ተጽፎልሽ ነበር እኮ!» አለቻት። «ወረቀቱ ለእህት ተሰጥቷል ይላል። ያኔ ገና ትንሽ ነበር፣ ይወጣልሽ ነበር። አሁን ብብትሽ ገብቷል። ይሞከራል፤ ግን…»

 ጥሩወርቅ የቀረው ገባት።

«ካሰች!» አለች የእህቷን በር በርግዳ ገብታ። እትዬ ሳትላት ስትጠራት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ወረቀቴ የታለ?»

 «አቃጠልኩት» አለች ካሰች። «ቢላ ሲነካው ይብሳል፣ ሰውነት ውስጥ ይዛመታል ሲሉ ሰምቼ! እንዳላጣሽ ብዬ እኮ ነው፣ እናቴ!»

«ጡቱ የእኔ፣ ሞቱ የእኔ፣ ፍርሃቱ ያንቺ! አንቺ ስለፈራሽ እኔ ልሙት? ጠላት ቢያደርገው እጠነቀቅ ነበር። አንቺን ግን በምን ልጠርጥርሽ? ቅጠል ስትለጥፊልኝ እንኳ ዓይኔን እያየሽ ነበር!»

ካሰች እግሯ ላይ ተደፋች። ጥሩወርቅ ልቧ ተቃጥሏል፤ ብትረግጣት ደስ ባላት ነበር። እግሯ ሥር የምታለቅሰውን እህቷን ስታይ ግን አንድ ሐሳብ መጣባት። የአንድ እናት ልጆች አይደሉ? በሽታው እሷም ላይ ቢኖርስ?

«ተነሺ። ደረትሽን ክፈቺ» አለቻት።

ካሰች ተነስታ ከፈተች። የጥሩወርቅ ጣቶች በግራ ጡቷ ዙሪያ ዞሩ፣ ብብቷን ዳሰሱ፣ ወደ ቀኙ አለፉ። እዚያ ቆሙ። ሄዱና ተመለሱ።

«ምነው? ምን አገኘሽ?» አለች ካሰች።

ዝም ብላ መውጣት ትችል ነበር። «ምንም የለም» ብላ መሳቅም ትችል ነበር፤ እህቷ አይደለች ያስተማረቻት!

«አለሽ» አለቻት። «ቀኙ ላይ፣ ትንሽ ናት። ምን እንደሆነች ሐኪም ይያት። ነገ ቀበሌ ሄደን ለሁለት ሰው የአዲስ አበባ መሄጃ የይለፍ ወረቀት እንጠይቃለን። አንቺ በጊዜ ትደርሻለሽ። ከእኔ ግን ይቅርታ አትጠብቂ።»