የእታለም የጉንጭ ቀለም

ጠዋት ጠዋት ከልጅ ልጄ ከሰሚራ ክፍል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ድምፁን ተከትሎም ሽታ ይመጣል፣ የደረቀ ጽጌረዳ ከሕፃን ፓውደር ጋር የተፈጨ የሚመስል ሽታ፤ ያን ጊዜ ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ጉልበቷን እያሸች የተቀመጠችው አሮጊት ትቀርና፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ቁጭ እላለሁ።

ሰሚራ ኤርፖርት፣ ካርጎ ቢሮ ነው የምትሠራው። ከካርቶን ጋር ለምትውይበት ሥራ እንዲህ መኳኳል ምን ያደርግልሻል፣ ካርቶኑ የሚያገባሽ መስሎሽ ነው ወይ እያልኩ አበሽቃታለሁ። መሳቢያዋ ውስጥ ሃያ ሰባት የጉንጭ ቀለም አላት፣ ሁሉም ዱቄት፣ ሁሉም መስታወት ባለው ትንንሽ ዕቃ ውስጥ፤ ሁሉንም እወዳቸዋለሁ ትላለች። ሃያ ሰባት ባል ያላት ሴት ሁሉንም እወዳቸዋለሁ ብትል ማን ያምናታል? በየጀርባቸው ስማቸው በፈረንጅ አፍ ተጽፏል፣ እኔ ግን እንኳን የፈረንጁን የአገሬንም ፊደል አልቆጠርኩም፣ ስለዚህ ራሴ ስም አወጣሁላቸው። አንዱ «የሕፃን ተረከዝ» ነው፣ አንዱ «የተፈለጠ ሮማን»፣ አንዱ «ጎረቤት የሰደባት»። መጀመሪያ ትስቅብኝ ነበር፣ አሁን ራሷ በጠዋት ስትጣደፍ «እማማ፣ ጎረቤት የሰደባትን አይተዋታል?» ትለኛለች። ከሁሉም መሃል ወደ ብርቱካንነት የሚያደላ ቀይ አለ፣ እሱን «የእታለም» አልኩት። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ በሳቅ አለፍኩት። አሁን ልናገር።

እኛ ያደግነው ከሃያ ሁለት ወደ ቦሌ ሲወረድ ነው። ዛሬ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ የማይጨርሰው የመስታወት ሕንፃ የቆመበት ቦታ ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር፣ ከደጃችን ቆመን አውሮፕላን ሲያርፍ እናይ ነበር፣ ባረፈ ቁጥርም የጎረቤት ዶሮ ሁሉ አጥር ሥር ይገባ ነበር። አባዬ ከወሎ መጥቶ እዚያው ደጃፋችን ላይ ጨው፣ ስኳርና ጋዝ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ታላቄ ዘሃራ አሥራ ስምንት ሞልቷት ነበር፤ እኔ እታለም ነበር የምላት፣ ስሟን ጠርቼ አላውቅም። ቦሌ መንገድ ዳር ለምትኖር አንዲት ሆስተስ ልብስ ታጥብ ነበር፣ እና በአንድ ክረምት፣ ሰኔ ሊወጣ ሲል፣ ሴትዮዋ ግማሹ ያለቀ የጉንጭ ቀለም ሰጠቻት። ክብ፣ ወርቅ የመሰለ፣ ሲከፈት «ቀጭ» የሚል።

እታለም ያንን ነገር ተቀብታው አታውቅም ነበር። ከልብስ ሣጥኗ ሥር በነጠላ ጠቅልላ ታስቀምጠውና፣ ጁምዓ ጁምዓ ገላዋን ስትታጠብ አውጥታ፣ ከፍታ፣ አሽትታ፣ መልሳ ትዘጋው ነበር። እኔ ከበሩ ቀዳዳ አያታለሁ። ለአንድ ቀን ነበር የምታኖረው፣ ያንን ቀን እኔም አውቀው ነበር። ሰይድ የሚባል ሾፌር ነበር፣ ኮምቦልቻና አዲስ አበባ የሚመላለስ፣ በጭነት መኪናው በደጃችን ሲያልፍ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ የሚነፋ፤ እታለም ያንን ጥሩምባ ስትሰማ ውሃ ለመድፋት ባዶ ሣፋ ይዛ ትወጣ ነበር። ከባዶ ሣፋ ስንት ውሃ እንደተደፋ አላህ ነው የሚያውቀው። ሰይድ ሽማግሌ የሚልክበት ቀን፣ ጉንጯ የሚቀላበት ቀን ያ ነበር።

ነሐሴ ገባ። በነሐሴ ሴቱ ሁሉ እንሶስላ ያስራል፤ እናቴ ሥሩን ከጎረቤት ጓሮ ቆፍራ፣ በሙቀጫ ወቅጣ፣ በእጇና በእግሯ ላይ ደልድላ፣ በጉሎ ቅጠል አስጠቅልላ ቀኑን ሙሉ ሳትነቃነቅ ትውል ነበር፣ ሲፈታ እጇ እንደ ፍም ይሆን ነበር፣ ስንት ሳምንትም አይለቅም። በዚያ ዓመት እኔ እጄ ላይ ቁስል ስለነበረ አልታሰረልኝም፣ አኩርፌ ነበር። እናቴና እታለም ግን እጅና እግራቸው ተጠቅልሎ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው ዝናቡን ያያሉ። አስቡት እንግዲህ። በዚያ ቤት እጁ የተፈታ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሣጥኑን ከፈትኩ። ነጠላውን ፈታሁ። «ቀጭ» ሲል እናቴ በረንዳ ላይ ሆና ምን እየነካሽ ነው አለች፣ ደነገጥኩና ከእጄ አመለጠ። የቤታችን ወለል ምርጊት ነበር፤ ዱቄቱ ፍርክስክስ ብሎ እኩሌታው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ተነስታ እንዳትመጣ እግሯ ታስሯል፣ እኔም ይህንን አውቄ «ምንም» አልኩና የፈሰሰውን ከነአፈሩ በመዳፌ ሰብስቤ መለስኩት። ግን ዱቄት አንዴ ከፈረሰ አይቆምም፣ ዕቃው በተነካ ቁጥር ይንሸራተታል። ሙቀጫው ውስጥ የተረፈ እንሶስላ ነበር። በዘነዘናው ተጭኜ ጨመቅኩት፣ ጭማቂውን እያንጠባጠብኩ በእንጨት አቦካሁት፣ በቀኝ አውራ ጣቴ ደጋግሜ ጠቅጥቄ አስተካከልኩት፣ ከምድጃው ዳር አድርቄ መልሼ ጠቀለልኩት። ከበፊቱ የተሻለ ቀለም አወጣ። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ኮራሁ።

መስከረም ሲጠባ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆነ፣ ልጆች ሁሉ አበባ ለቀማ ሲሮጡ እኔ አውራ ጣቴን በአራቱ ጣቶቼ ውስጥ ደብቄ ነበር የምሮጠው፣ ምክንያቱም ሌላው ጥፍሬ ሁሉ ነጭ ሆኖ እሱ ብቻ ደም መስሎ ነበር። አንድ ጁምዓ እታለም ከፍታ አሸተተችና ሽታው ተለወጠ አለች። የክረምት እርጥበት ነው አልኳት። ሰባት ዓመቴ ነው እንግዲህ፣ ስለ እርጥበት ምን አውቄ! አመነችኝ ግን፤ እታለም ሰው ታምን ነበር።

በጥቅምት ሽማግሌ መጣ። እታለም ከጠዋት ጀምሮ ጓዳ ነበረች፣ ወጡ ሲንተከተክ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ እየወጣ፤ በመሃል የጠቀለለችበትን ነጠላ ፈትታ የጉንጭ ቀለሙን አወጣች። በደረቁ አልለቅ አላት፣ ጠንክሮ ነበርና። ጥጥ በውሃ ነከረችና አሸችው። መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ጨመረች፤ አሁንም ፈዛዛ ነው፤ ደግማ ጨመረች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንሶስላ ቀስ እያለ እንደሚወጣ እያወቅኩ አፌን አልከፈትኩም። ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ገና እንደ ሮማን ነበረች፣ ቆንጆ ነበረች፣ ወላሂ። የእጅ ውሃ ይዛ ስትገባ ግን ጉንጯ እንደ በርበሬ ሆኖ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ ጋር የሰይድ አክስት፣ እመት ፋጡማ የሚባሉ ረጅም፣ ዝም ያሉ ሴት መጥተው ነበር። እጃቸውን እየታጠቡ ቀና ብለው አዩዋት፣ ከዚያ ወደ እናቴ ዘንበል ብለው፣ በቀስታ፣ «ልጅቱን ትኩሳት ይዟታል እንዴ?» አሉ። እናቴ አልያዛትም አለች። ከምድጃ ነው አለች። ያኔ ጉንጭ እንዲህ ሲቀላ ሰው የሚያስበው የሳምባ በሽታን ነበር፣ የሳምባ ያለባትን ልጅ ደግሞ ለልጁ የሚጠይቅ የለም። በወጉ ቀጠሮ የሚሰጠው የሴት ወገን ነው፣ አባዬም ቃሉን አዘጋጅቶ ነበር፤ ያን ቀን ግን በልተው ሲጨርሱ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እንመለስበታለን ብለው ተነሡ። አባዬ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ መንገዱን ሲያይ ቀረ።

እታለም በሳሙና አጠበችው፣ በሎሚ አሸችው፣ በአመድ ፈተገችው፤ ቆዳዋ ሲላጥ ቀለሙ ባሰ። በሦስተኛው ቀን የሰይድ መኪና አለፈ። እታለም ሣፋዋን ይዛ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ጥሩምባው አልተነፋም። አቧራው እስኪተኛ ድረስ እዚያው ቆመች፣ ከዚያ ባዶውን ሣፋ ደፍታ ተመለሰች።

እኔ መናገር ነበረብኝ። በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ እልና፣ ጸጉሬን ልታበጥርልኝ ስታስቀምጠኝ ጉልበቷ መሃል ሆኜ አፌ ይታሰራል። ብትመታኝ ግድ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲያ ጸጉሬን የማታበጥርልኝ ይመስለኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ እመት ፋጡማ ብቻቸውን መጡ፣ በዚህ ሳልፍ ነው እያሉ። ማንም አላመናቸውም፤ ሊያዩ ነበር የመጡት። እታለም ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና ጓሮ ገባች፣ እጅ ማስታጠቡ ለእኔ ደረሰ። ማንቆርቆሪያውን በቀኝ እጄ ይዤ፣ አውራ ጣቴን ክዳኑ ላይ አድርጌ አፈሰስኩላቸው። እሳቸው መታጠባቸውን አቆሙ። እጄን ያዙ፣ ገለበጡት፣ ሌሎቹን ጥፍሮቼን አንድ በአንድ አዩ። የአውራ ጣቴ ጥፍር ከሥሩ ነጭ ማብቀል ጀምሮ ነበር፣ ጫፉ ግን እንደ ቀላ ነው።

«ይቺን አንዷን ጣት ብቻ ማን አሰረልሽ?» አሉኝ።

ማንቆርቆሪያውን ለቅቄ አለቀስኩ። ሌላ አልጠየቁኝም። እታለምን አስጠሩ፣ ነጠላዋን ገለጥ አደረጉ፣ አውራ ጣቴን ወስደው ጉንጯ ላይ አስጠጉት፤ ቀለሙ አንድ ነበር። ከዚያ ያች ዝምተኛ ሴት ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እናቴ ሮጣ መጥታ ምን ሆናችሁ ስትል፣ ዓይናቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ፣ «ልጅሽስ ጤነኛ ናት፤ ሐኪም የሚያስፈልጋት ትንሿ ናት» አሏት። እታለም ጣቴን አየች፣ እኔን አየች። ነጠላዋን መልሳ ተከናነበችና ወደ ጓዳ ገባች። በዚያው ሳምንት ሰይድ ሲያልፍ ሁለት ጊዜ አልነበረም የነፋው፣ ከደጃችን ጀምሮ አስፋልቱ ድረስ እየነፋ ነው የሄደው፣ የጎረቤት ዶሮ አውሮፕላን መስሎት አጥር ሥር ገባ።

ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ፣ ጤፉ ታጭዶ ሜዳው ተራቆተ፣ እታለም አሁንም ዝም ነበረች። ጸጉሬን ታበጥርልኛለች፣ ከጎኗ ታስተኛኛለች፣ ስለዚያ ነገር ግን የለም። ይቅር ብላኛለች ብዬ ልቤ ሞላ። ጥር ላይ ሠርጉ ሆነ። ሙሽሪት ለብሳ፣ ሚዜዎቿ ከበዋት ሳለ እኔን ብቻ አስጠራችኝ፣ ሌሎቹን ለትንሽ ጊዜ ውጡልኝ አለች። ነጠላውን ፈታች። «ቀጭ» አለ። ጥጡን ውሃ ነክራ ያዘች።

«ነይ፣ ባለ አውራ ጣት» አለችኝ። «ብቻዬን ቀልቼ አልቀርም።»

በግራ እጇ አገጬን ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ ሁለቱንም ጉንጬን ስታሽልኝ እየሳቀች ነበር፣ እኔም እየጮህኩ እስቅ ነበር፣ በኋላ እሷ ማልቀስ ጀመረች፣ እጇ ግን አላቆመም። ሠርገኛው ሁሉ ያቺን ልጅ ትኩሳት ይዟታል ሲል፣ እመት ፋጡማ ከሴቶቹ መሃል ብቻቸውን ይስቁ ነበር። ያን ዕለት ሰይድ በመኪናው ወደ ኮምቦልቻ ወሰዳት። ቀለሙ ግን እኔ ጋ ቀረ። እናቴ ፊትሽን ታጠቢ ስትለኝ ውሃውን ግንባሬ ላይ ብቻ አስነካ ነበር፣ ጠዋት ጠዋትም አባዬ ሱቅ ግድግዳ ላይ ባለው ስባሪ መስታወት ጉንጬን አይ ነበር፤ ዛሬም አለ፣ ዛሬም አለ። የካቲት ሲገባ አንድ ጠዋት ባየው የለም። የሄደችበት ቀን ያላለቀስኩትን ያን ቀን አለቀስኩ።

እታለም አላህ ይዘንላትና ልጆች ወልዳ፣ የልጅ ልጅ አይታ ሄደች። ባየችኝ ቁጥር አገጬን ትይዘኝ ነበር፣ አርጅተን እንኳ።

ዛሬ ጠዋት ሰሚራ ምን ልቀባዎት ስትለኝ «የእታለም»ን አሳየኋት። በለስላሳ ብሩሽ፣ ቢራቢሮ እንደምትነካ፣ ሁለት ጊዜ ሽው አደረገችልኝ። ብቻዬን አልቀላም አልኳት፣ አገጯን ያዝኩና ለእሷም ራሴ ቀባኋት፣ አበላሽተውኛል እያለች እየሳቀች ወደ ሥራዋ በረረች። ዙሁር ሲደርስ ለሶላት ዉዱእ አደረግኩ፣ ገና በመጀመሪያው እፍኝ ውሃ ቀለሙ እንዳልነበር ሆነ። ያኔ በቤታችን የነበረው አንድ ቀለም ነው፣ እሱም በአመድና በሎሚ አልለቅ ያለ፤ አሁን ሃያ ሰባት አለ፣ ሁሉም በውሃ ይሄዳል። የዛሬዎቹ ያምራሉ፣ አልዋሽም፣ ማንንም ትኩሳት የያዛት አያስመስሉም። ብቻ ፊቴን ባበስኩ ቁጥር ከመታጠቢያው በላይ ያለውን መስታወት አንድ ጊዜ ቀና ብዬ አየዋለሁ፣ ምናልባት ትንሽ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ።