ዶክተሩ ስለ አባቴ ቱታ የጠየቀ ቀን

ይህ የሆነው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ለማንም አውርቼው አላውቅም። ስለከበደኝ ነው ዛሬ የምጽፈው፤ አባቴ እንደሆነ ዓይኑ ስለደከመ አያነበውም።

አባቴ ጂንካ ውስጥ የታወቀ መካኒክ ነበር። ወደ ሃናም ሆነ ወደ ካንጋተን የሚሄድ የጭነት መኪና ፍሬኑን እሱ ሳያይለት አይወጣም። አዲስ የፍሬን ሸራ በሞረድ እያስተካከለ ይገጥማል፤ ብናኙን በኮምፕሬሰር ይነፋዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቱታውን እንደለበሰ ቤት ይመጣል።

እናቴ በንጽሕና ቀልድ አታውቅም። ቱታው ውሃ ሳይነካው መራገፍ አለበት ባይ ናት፤ አለዚያ ከወንዝ ተሸክመን ያመጣነው ውሃ ወዲያው ጭቃ ይሆናል። ያኔ ልጅ ነበርኩ። እሷ በእጅጌው፣ እኔ በእግሩ በኩል ይዘን ጓሮ እናራግፈዋለን። ግራጫው አቧራ ቅንድባችን ላይ ሲያርፍ «አረጀሽ» እየተባባልን እንስቃለን።

እናቴ ስልሳ ዓመት ሲሆናት ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ገበያ ደርሳ እስክትመለስ ሦስት ቦታ ታርፋለች። ቲቢ ተጠርጥሮ ነበር፤ አልሆነም። ሳንባዋ ዙሪያ ውሃ ተገኘና ሪፈር ተጽፎልን ከአባቴ ጋር አዲስ አበባ ወሰድናት።

ከሳንባዋ ሽፋን የተወሰደው ናሙና ውጤት በደረሰበት ቀን አባቴ መድኃኒት ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ዶክተሩ ሜሶቴሊዮማ የሚባል የሳንባ ሽፋን ካንሰር ነው አለን። ከዚያ፣ «እናቴ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ያውቃሉ?» አላት።

«እኔ? ቤቴን ትቼ የት ልሠራ?»

«የባለቤትዎ ሥራስ ምንድን ነው? ልብሳቸውን ማን ያጥባል?»

እናቴ ቀና አለች። «መካኒክ ነው። ከእኔ ሌላ ማን ያጥብለታል? አንድ ቀን እንኳ ቆሻሻ አስለብሼው አላውቅም» ብላ ከእኔ ጋር እንዴት እንደምታራግፈው ሁሉ በኩራት ነገረችው።

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። በሽታውን በአብዛኛው የሚያመጣው አስቤስቶስ የሚባል ብናኝ መሆኑን፣ በድሮ የፍሬን ሸራ ውስጥ ይገባ እንደነበር፣ ፋብሪካ ረግጠው የማያውቁ ሴቶችም የባላቸውን የሥራ ልብስ ሲያጥቡ እንደሚተነፍሱት ቀስ ብሎ አስረዳን። ብዙ ዓመት ተደብቆ ይቆያል አለ። የእርስዎ በእርግጥ ከዚያ ነው ማለት ግን አልችልም አላት። ወደ እኔም ዞሮ፣ «አንቺም ትንፋሽ ካጠረሽ ይህን ለሐኪም ሳትነግሪ እንዳትቀሪ» አለኝ።

እናቴ እጄን ጭምቅ አደረገችው። «አባትሽ እንዳይሰማ።»

ይህቺ ሴት ስንዋሽ አንበርክካ የምትቀጣን እናት ናት። አባቴ መጥቶ የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ «ከምን መጣ አሉ?» ሲላት ዓይኗን ሳታሽ፣ «የማድ ቤት ጭስ ነው አለ» አለችው።

ከጸጸት ላድነው ብላ ነበር። አባቴ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ጭስ ማውጫ ሥራልኝ እያልሽ ስንት ዓመት ለመንሽኝ!» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቴ ደነገጠች፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነ ነገሩ።

ጂንካ እንደተመለስን የመኪና ማርሚታ ቱቦ በይዶ ጭስ ማውጫ ሠራላት። እናቴ የኖረችው ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ነው። ጭሱ ሲወጣ ባየች ቁጥር «ተባረክ» ትለው ነበር።

አሁን የመካኒክ ሚስቶችን ሳገኝ ቱታ በደረቁ እንዳያራግፉ፣ ጋራዡ ውስጥ ወልቆ እዚያው እንዲታጠብ እለምናለሁ። ለአባቴ ግን ስንቴ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። አንዳንዴ በእናቴ እናደዳለሁ። የትኛው ጸጸት እንደሚቀለው ግን እኔም አላውቅም።

ጉንፋን ይዞኝ ሳስል አባቴ ከሁሉ በፊት ይሰማል። «ልጄ፣ ከጭስ ራቂ» ይለኛል።

«እሺ አባዬ» እለዋለሁ።