ሁላችሁም ተጠርታችኋል

ስለ ኢንተርኔት ክፉ ስናገር የሚሰሙኝ ወጣት መምህራን «ጋሼ፣ አረጁ መሰለኝ» ይሉኛል። አላረጀሁም። ሁለት ጊዜ ተሞኝቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያሞኘሁት ራሴን ነው። የመጀመሪያው ያስቃል። ሁለተኛውን ግን እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴን የማዞርበት አጣለሁ።

የመጀመሪያው ባሕር ዳር ኮሌጅ ሳለሁ ነው። በዚያን ጊዜ ቻት የሚባል ነገር መጥቶ ነበር። በኢንተርኔት ቤቱ ያሉት ኮምፒውተሮች አምስት ብቻ ናቸው፤ እኛ በረንዳው ላይ ተሰልፈን ተራ እንጠብቃለን። ተራህ ደርሶ ስትገባ፣ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ሥራ ፈት ሁሉ በአንድ መስኮት ውስጥ «ሰላም» ሲባባል ታገኛለህ። ከሰላምታ አልፎ የሚሄድ የለም። ዕድሜህን፣ ጾታህንና አገርህን ይጠይቁሃል፤ ከነገርካቸው በኋላ ይጠፋሉ። አንዱ አገሬን ሲጠይቀኝ «ጋይንት» ብዬ ጻፍኩለት። «ደሴት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ባሕሩስ እንዴት ነው ሲለኝ፣ ይሞቃል ብዬ መለስኩ። ደጋ ተወልጄ ብርድ ሲጠብሰኝ ያደግሁት እኔ! ያን ዕለት ከዓለም ጋር ተነጋገርኩ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወደ ዶርም ተመለስኩ።

ነገሩ ብዙ አልቆየም። ሰዉ ወደ ሌላ ሄደ ተባለ። እኔ አላመንኩም፤ አንድ ቀን ገብቼ «ሰላም» ብዬ ጻፍኩ። መልስ የለም። ሩብ ሰዓት ሙሉ የራሴን ሰላምታ ሳነብ ቆይቼ ወጣሁ። ያኔ መማር ነበረብኝ። የተማረ ሰውን ግን ከሁሉ የሚቸግረው መማር ነው።

ንፋስ መውጫ ተመድቤ ማስተማር ከጀመርኩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢንተርኔት በስልክ መጣ፤ ከእሱም ጋር ያ ሰማያዊው። ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ መጥራቱ ማስታወቂያ መሥራት ስለሚመስለኝ ሰማያዊው ብቻ እለዋለሁ። እኔም የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች መገናኛ ይሁን ብዬ እዚያ ላይ አንድ ገጽ ከፈትኩ። መጀመሪያ ላይ ደግ ነገር ነበር፤ ይህን ሳልወድ እመሰክራለሁ። መኪናው ጭቃ ይዞት መንገድ ያደረ ሰው ለቤተሰቡ «ደህና ነኝ» ይላል። ዐረብ አገር ሄዶ ወሬው የጠፋ የስማዳ ልጅ ፎቶውን ለጠፈ፤ ጎረቤቱ አይቶ ሮጦ ለእናቱ በሕይወት መኖሩን ነገራት። የጋይንት ቤተ ልሔም ካህናት በበዓል ሲያሸበሽቡ የተነሣ ፎቶ ሳወጣ ከአራቱም ማዕዘን ዕልልታ ይመጣል። ዕልልታው በጽሑፍ ነው፣ ድምፅ የለውም፤ ቢሆንም ደስ ይል ነበር።

ከዚያ ሰዉ በሺህ መቆጠር ጀመረ፤ እኔም አበጥኩ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ «አድሚኑ መጣ» ይላሉ። አድሚን ምን ማለት እንደሆነ ግማሾቹ አያውቁም፤ ሹመት ይመስላቸዋል። እኔም አላረምኳቸውም። በስብሰባ ላይ ከፊት ወንበር ሲለቀቅልኝ ያለ ሃፍረት ተቀምጫለሁ። ክፍል ሙሉ ተማሪ አፉን ከፍቶ እየጠበቀኝ፣ እኔ ስልኬን ጠረጴዛ ሥር ደብቄ ስንት ሰው እንደወደደኝ አያለሁ።

መበላሸቱ በድንች ጀመረ። አንዱ የጋይንትን የሚያህል ድንች የለም ብሎ ጻፈ፤ የእስቴው ተነሣበት፤ የስማዳው ጨመረ። በሦስተኛው ቀን ስለ ድንች የሚያወራ አልነበረም፤ የሰው አያት ከመቃብሩ እየተቀሰቀሰ ይሰደብ ነበር። ስማቸውን ደብቀው የሚፎክሩት ጀግኖች፣ በአካል ቢገናኙ ጎንበስ ብለው እጅ የሚነሣሡ ናቸው። አንዱን በአጻጻፉ ለይቼዋለሁ፤ የሥነ ዜጋ መምህር ነው።

ቀጥሎ ጽሑፉ በሰዓቱ መውጣት ተወ። ሰማያዊው «የሚበጅህን እኔ እመርጥልሃለሁ» አለና የማክሰኞውን ወሬ ቅዳሜ ያመጣልናል፤ የተቀበረ ሰው በሳምንቱ «ታሟል፣ ጸልዩለት» ተብሎ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት የጽጌረዳ ሥዕል ከነ«መልካም ቀን» ይጎርፋል። የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ የሚሸጡም መጡ፤ ያውም ቦርጭ ያለው ሰው በጣት በሚቆጠርበት አገር። ደህና ደህናው ሰው ሹልክ እያለ ወጣ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሁሉም ሌላ አዲስ ነገር ላይ አቀርቅሯል። አረንጓዴ ነጥብ ስትበራ ሰውየው አለ ማለት ነው ብለው አስረዱኝ። ሰውየው እኮ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ቀና ብሎ እንደምን አደርክ ያላለኝ እሱ ነው።

እኔ ግን ገጼን አልተውኩም። ሰማያዊው ላይ ትቶ የሄደ ሰው ከቁጥሩ አይቀነስም። ቤቱን ዘግቶ ወጥቶም ቢሆን እንደ ነዋሪ ይቆጠራል። እኔ ያን ቁጥር እያየሁ አገሩ ሁሉ ከእኔ ጋር ነው እል ነበር።

አባቴ የሞተው በዚህ መሐል፣ በኅዳር መጨረሻ ነው። ከአርብ ገበያ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ባላት መንደራችን ሲያርስ የኖረ ሰው ነበር። ከወንዙ ማዶ ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጋር ድሮ በሬ ተቀናጅተው ያርሱ ነበር፤ በኋላ ወንዙ ዳር ባለች፣ ጥንድ በሬ በማታዞር ቁራሽ መሬት ድንበር ተጣሉ። ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድ ቤተ ክርስቲያን እየሳሙ ሰላም አልተባባሉም። አባቴ ሊሞት ሲል የንስሐ አባቱ ባሉበት እናቴን ጠርቶ አላት፦ «በአርባዬ እሱን አስጠርተሽ ከፊት አስቀምጪልኝ። አገር እያየ እንጀራዬን ይብላ። ቂሜን ይዤ አልሂድ።» እናቴ ማለችለት። በማግሥቱ ዐረፈ። ሽማግሌው በቀብሩ ዕለት ከዳር ቆመው አልቅሰው፣ ሳይቀርቡን ሄዱ። እናቴ ግን አርባውን መጠበቅ አለባት፤ ኑዛዜው እንደዚያ ነውና። ከዚያች ቀን በኋላ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

በእኛ አገር ለተዝካር ሰው የሚጠራው በእግር ነው። ጠሪው ከሳምንት በፊት ይነሣና ደጃፍ ለደጃፍ ይዞራል፤ የቤቱን ባለቤት አስጠርቶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ቀኑን ይነግረዋል። በልጁ የተላከበት ወይም በሰው በሰው የሰማ፣ ተጠራሁ አይልም። ለቀብር ማንም ይመጣል፤ ለተዝካር ግን ሳይጠሩት የሄደ ሆዳም ነው የሚባለው።

መጥራቱ የበኩር ልጅ ሥራ ነውና የእኔ ነበር። ፈቃዴ አጭር ነው አልኩ፤ እውነቱ ግን ዳገቱ አስጠላኝ። ማዶውን ዞሮ ለመጨረስ ሦስት ቀን ይፈጃል። ያን ሁሉ ሺህ ሰው በአንድ ጣት የምጠራ አድሚን፣ እንደ ድሮ ሰው በትር ይዤ ውሻ እየተከላከልኩ በየደጁ ልቁም? ከቤታችን በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ኔትወርክ ይገኛል፤ እዚያ ወጣሁ። አባቴ በእኅቴ ሰርግ ሲስቅ የተነሣውን ፎቶ ለጠፍኩና ቀኑንና ቦታውን ከሥሩ ጽፌ «ሁላችሁም ተጠርታችኋል» ብዬ ጨረስኩ። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። የሽማግሌው ልጅ ደብረ ታቦር ነው የሚሠራው፤ ወዲያው አውራ ጣቱን አስቀመጠበት። በልቤ፣ እሳቸውም ተጠሩ አልኩ።

ስወርድ እናቴ ጌሾ ትወቅጣለች።

«ጠራህ?» አለችኝ።

«ጠራሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ሰውየውንስ?»

«ሰምተዋል።»

«እሰይ» አለችና ወደ ሙቀጫዋ ተመለሰች።

አርባው ሐሙስ ዋለ። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ወደ ዳሱ ገቡ። ዳስ የጣሉት፣ እንጨትና ውኃ ያመጡት የቅርብ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። የቆሎ ተማሪዎችም ዳስ የት እንደተጣለ ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉና መጡ። ማዶው ግን አልመጣም። ከዳሱ በር ቆሜ ስመለከት ሁሉም አውድማው ላይ ነው። በሬዎቹ ይዞራሉ፤ ገለባው በነፋስ ይወጣል። ሰው ለተዝካር የተጠራበት ቀን አውድማ ላይ አይውልም። እንደማይመጡ እንድናይላቸው ነበር የሚወቁት።

ስልኬ ደግሞ ኪሴ ውስጥ አላርፍ አለ። ኔትወርክ አንዳንዴ መጣ ይልና ያጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ያራግፍብኛል። «ነፍስ ይማር» ይላል የማላውቀው ሰው ከዱባይ። «በሐሳብ አብረናችሁ ነን» ይላል ሌላው፤ የሚያለቅስ ፊት ደርድሮበታል። አንዱ ፎቶውን ብቻ አይቶ ነው መሰለኝ «እንኳን ደስ ያላችሁ! መልካም ጋብቻ!» ብሏል። ከሥሩ የቦርጭ ማጥፊያው ሻጭ ስልክ ቁጥሩን አስቀምጧል። ከዚያ ሁሉ ሺህ ውስጥ ወደ ዳሱ የገባ አንድ ሰው የለም። ያን ገጽ ሕይወት ያለው መስሎኝ ስንት ዓመት ስጠብቀው እንደኖርኩ ያኔ ገባኝ፤ ገጹንም፣ እዚያ ላይ የቀሩትንም፣ ከሁሉም በላይ ራሴን ናቅሁ።

እናቴ ከካህናቱ ቀጥሎ አንድ አጎዛ አንጥፋ ነበር። ማንንም አላስቀመጠችበትም። እንግዳው መብላት ሲጀምር ወደ እኔ መጣች።

«ሰውየው የታለ?»

እጄን ስልኬ ወዳለበት ኪስ ሰደድኩ።

«ደጁ ሄደሃል ወይ?»

«በስልኩ ጽፌ ነበር፤ ልጃቸው አይቶታል…»

«ደጁ ሄደሃል ወይ ነው የምልህ።»

«አልሄድኩም።»

ዳሱን፣ የተከመረውን እንጀራ፣ ደግሞ ማዶውን አየች። «ሂድ» ብቻ አለችኝ።

ወንዙን ተሻግሬ በየአውድማው ሳልፍ «እግዜር ያበርታ» እላለሁ፤ እነሱ ለበሬው ይናገራሉ። ሽማግሌውን ያገኘኋቸው በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ነው። ጢማቸውን ተላጭተዋል። ነጭ ኩታ ለብሰዋል፤ ዘንጋ በትራቸውም አጠገባቸው ተጋድሟል።

«እንደምን ዋሉ አባቴ፣ ልጠራዎት ነው የመጣሁ» አልኳቸው፤ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

«ፀሐይቱ የት እንደደረሰች አታይም?»

«ጠርቼ ነበር» ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ያን ስልክ ስሻገር ወንዙ ውስጥ ብጥለው ይሻለኝ ነበር። ጽሑፉን አነበብኩላቸው፤ የልጃቸውን አውራ ጣት አሳየኋቸው። ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩት። ያዩት ግን የአባቴን ፎቶ ነው።

«እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ዘመኔ» አሉ። ስልኩን መለሱልኝ። «ልጄ ደውሎ ነግሮኛል። ሐሙስ ነው ብሎኛል። ይኸው ሳምንት ሙሉ ውሻው በጮኸ ቁጥር እየወጣሁ አየሁ፤ ጠሪ ነው ብየ። አንድ ቀን ፍየል ነጋዴ ሆነ፤ አንድ ቀን ጤና ሠራተኛዋ።»

«አባቴ ተናዝዞልዎት ነበር» አልኳቸው። «ከፊት እንዲቀመጡለት፣ አገር እያየ እንዲታረቅዎት ብሎ። በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይነሡልኝ።»

ወደ ስልኩ ጠቆሙ። «ይህንንስ እዚያ ላይ ጽፈኸው ነበር?»

«አልጻፍኩትም።»

«እንግዲያ ይህን ደጄ መጥቶ የሚነግረኝ ነበር የፈለግሁ።» ኩታቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። «እኔ የጠሪ አክባሪ ነበርሁ፤ ጠሪ አጣሁ እንጂ። አሁን ሰው በልቶ ሲነሣ ብመጣ፣ ይኸ አውድማ ላይ ያለው ሁሉ ምን ይላል? ሆዱ ጎትቶት ሄደ ነው የሚለኝ። ለሱም አይሆን፣ ለኔም አይሆን። ነፍሱን ይማር። ሂድ፣ እናትህን ብቻዋን አትተዋት።»

ዘንጋቸውን አንሥተው ወደ ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም፤ ክረምቱ ሳይገባ ዐረፉ።

ስመለስ ካህናቱ ቡራኬ ሰጥተው እየወጡ ነበር። እናቴ ከዳሱ በር ቆማ ከሩቅ አየችኝ፤ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው እንደሌለም አየች። ገብታ አጎዛውን ከመሬት አነሣች፣ አራገፈች፣ አጠፈችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አባትህ ሰውየውን ተጣሉት እንጂ አልናቁትም» አለችኝ። «የናቅኸው አንተ ነህ።»