ከምድር ቤት ወደ አራተኛ ፎቅ

ሊፍቱ ከምድር ቤት ተነስቶ አራተኛ ፎቅ እስኪደርስ ልቤ ይደልቅ ነበር። በዚህም አፍር ነበር። ባለቤቴ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ጠዋት ጥቁር ለብሼ ከምኖርበት ሰፈር ከፕሪንስዳል እወጣለሁ፤ ሆስፒታል ደርሼ ከሻሼ በቀር ጥቁሩን አውልቄ ነጩን የሥራ ልብስ ስለብስ ግን ሌላ ሴት እሆናለሁ። እቸኩላለሁ። ሊፍቱ ከዘገየ በደረጃ እሮጣለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ሳንጎራጉር ራሴን ሰማሁትና ዙሪያዬን ቃኘሁ። ደግነቱ ማንም አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። አንዳንድ ቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፌ እነሳለሁ። ስለ እሱ መጻፍ አልችልም፤ ስለ ሥራዬ ግን እችላለሁ፤ ሥራዬ ውስጥም እሱ አለ።

የፋርማሲ ዲግሪዬን ከአገሬ ይዤ ነው የመጣሁት። እዚህ ኖርዌይ የሙያ ፈቃድ እስካገኝ ድረስ ቢየርቪካ በሚባል ሰፈር ቢሮ አጽድቻለሁ። ፈቃዱ ሲመጣ አንድ ሆስፒታል በምድር ቤቱ መድኃኒት መጋዘን ቀጠረኝ። መጥፎ ሥራ አልነበረም። ሳጥን ይመጣል፣ የሚያበቃበትን ቀን አያለሁ፣ ወደየክፍሉ እልካለሁ። መድኃኒቱን የሚውጠውን ሰው ግን አላየውም። ያየሁት ባለቤቴ ታሞ የተኛ ጊዜ ነው። አንዲት ፋርማሲስት አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ትቀመጥና፣ «ቤትህ ምን ምን ትወስዳለህ? የትኛው ያስቸግርሃል?» ትለዋለች። ከክኒኖቹ አንዱን እያቅለሸለሸው ሲዘልለው እንደከረመ ለእሷ ነገራት። ለሐኪሙ አልነገረውም፤ ለእኔም አልነገረኝም። እሷ ስትወጣ ተቆጣሁት።

«አንቺ መች ጠየቅሽኝ» አለኝ። «‹ዋጥክ ወይ?› ትያለሽ፣ ‹ዋጥኩ› እላለሁ። እሷ ጠየቀችኝ።»

ከቀበርነው በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ ሲያቅተኝ እንደዚያች ፋርማሲስት ለመሥራት ለሥልጠና አመለከትኩ። ተቀበሉኝ።

የሥልጠናው የመጀመሪያ ወራት የሙከራ ናቸው። በመጨረሻ አሠልጣኝሽ ከጎን ተቀምጣ አንድ በሽተኛ ስትጠይቂ ታይሻለች። ሥራው በሽተኛው ቤቱ የሚወስደውን መድኃኒት በትክክል ማወቅና ከሆስፒታሉ መዝገብ ጋር ማስተያየት ነው። ካለፍሽ ያንን የሕሙማን ክፍል ይዘሽ ብቻሽን ትሠሪያለሽ። ካላለፍሽ አንድ ጊዜ ብቻ ይደገምልሻል፤ ከዚያ ወደ መጋዘንሽ።

የመጀመሪያውን ወደቅሁ። አንድ የኖርዌይ ሽማግሌ ነበሩ። ስለ ልብ መድኃኒታቸው ስጠይቃቸው ስለ ጀልባቸው ጀመሩ። ቀለሙን፣ ሞተሩን፣ ሞተሩን ያበላሸውን የሚስታቸውን ወንድም ነገሩኝ። ሽማግሌ ሲናገር ማቋረጥ ከየት ልማር? ሁለተኛው መድኃኒት ላይ ሳልደርስ ሰዓቱ አለቀ። አሠልጣኜ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት።

«ደግ ነሽ» አለችኝ ኮሪደሩ ላይ። «ግን ስለ ጀልባው ሁሉን አወቅን፣ ስለ ልቡ ምንም።»

ድጋሚው ሐሙስ ሆነ። ለኖርዌዮች ፋሲካው አልፏል፤ ነርሶቹ በረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ከከረሙበት ተራራ ተመልሰው ፊታቸው በፀሐይ ጠይሟል፣ መነጽራቸው ያረፈበት ብቻ ነጭ ነው። ለእኛ ግን ገና ሕማማት ነው። የባለቤቴ እህት በዋዜማው ደወለችልኝ።

«ሰው በሐዘን ላይ ሆኖ ፈተና ይፈተናል?»

«ይፈተናል።»

«ያውም በጸሎተ ሐሙስ። ብትወድቂስ?»

«አንዴ ወድቄያለሁ።»

«እና ተመልሰሽ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ። ወደ መጋዘኑ መመለስ አልፈልግም።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እሱም እንዲህ ችኮ ነበር» አለችና ዘጋችው።

ሐሙስ ጠዋት አራተኛ ፎቅ ስደርስ የተመደቡልኝ በሽተኛ ከፉሩሴት ሰፈር የመጡ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ስድሳን አልፈዋል። በልጅነታቸው የታመሙት ቶንሲል ልባቸውን ጎድቶት፣ አሁን በሰው ሠራሽ ቫልቭ ነው የሚኖሩት። እንዲህ ያለ ቫልቭ ያለው ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ይውጣል። ደም ከወፈረ ቫልቩ ላይ ይረጋል፣ ከቀጠነ ደግሞ ይፈስሳል። ስለዚህ ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ በየጊዜው በቁጥር ይለካል። የእሳቸው ቁጥር በጣም ወርዶ ነበር፤ ደማቸው ወፍሯል።

«መድኃኒቱን አትወስደውም ማለት ነው» አለ ወጣቱ ሐኪም። ክፉ ልጅ አይደለም። «መጠኑን ጨምሬዋለሁ። ነገ ቤቷ ትገባለች፤ ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ በየቀኑ ነርስ እየላከ ስትውጥ ያያታል።»

አሠልጣኜ ከበሩ ውጭ አስቆመችኝ። «በስልክ አስተርጓሚ ተጠይቃ ነበር፤ ከ‹እወስዳለሁ› ሌላ ምንም አላለችም። በቋንቋችሁ አውሪያት። በየመሃሉ እያቆምሽ ንገሪኝ። ስለ ራስሽ አታውሪ።»

ገባን።

«እንደምን አደሩ እማማ?»

«እማማ አትበይኝ፤ ልጆቼ እንኳ ገና አላገቡም።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«እሱ ይሻላል። ተቀመጪ። ይቺስ ማናት?»

«አለቃዬ ናት። እኔን ልታይ ነው የመጣችው።»

«አንቺን? እኔ አይደለሁ እንዴ በሽተኛዋ?»

ለአሠልጣኜ ተረጎምኩላት። ፈገግ አለች። ጥሩ ጅማሬ ነው ብዬ ቀጠልኩ። «ቤትዎ መድኃኒትዎን እንዴት እንደሚወስዱ ይንገሩኝ።»

«ደግሞ አንቺም? ማታ ማታ እውጣለሁ፤ አንድ ቀን አልዘለልኩም። ማን አመነኝ? ነርስ ይላክብኛል አሉ። እንደ ሕፃን አፌን ክፈቺ ልባል ነው።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ይህንንም ተረጎምኩ። ዞር ብዬ ሳያቸው ግን ራሴ ላይ ያሰርኩትን ጥቁር ሻሽ እያዩ ነበር።

«ማን ሞቶብሽ ነው?»

ደንቡን አውቃለሁ። ግን እትዬን የሚያህል ሰው ማን ሞተብሽ ሲል፣ ስለ ራሴ አላወራም ይባላል?

«ባለቤቴ» አልኳቸው።

ከትራሳቸው ቀና አሉ። «ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ የኔ ልጅ። መቼ ነው? ልጆች አሉሽ? ታዲያ ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?»

መለስኩ። አንዱን ስመልስ ሌላው ይመጣል። አሠልጣኜ ወንበሯ ላይ ስትነቃነቅ ይሰማኛል፣ ግን ምን ብዬ ልተርጉምላት? ይኸው ሌላ ጀልባ አልኩ በልቤ። መጋዘኑ፣ ሳጥኖቹ፣ የማይከፈተው መስኮት ታዩኝ።

«ከስተሻል» አሉኝ። «ምን ትበያለሽ?»

«ያገኘሁትን።»

«ያገኘሁትን አይባልም። ብቻውን የሚኖር ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው። ስሚ ልንገርሽ። እኔ ጾሙ ሳይገባ ግሮንኮል የሚሉትን የዚህን አገር ጎመን በካርቶን እገዛለሁ። ከትፌ፣ ቀቅዬ፣ ፍሪዘሬን እሞላዋለሁ። ከቅዳሴ መልስ ጎመን፣ ማታም ጎመን። ሽሮ ይነፋኛል፣ ምስር አይስማማኝም። ሁዳዴን የማልፈው በጎመን ብቻ ነው። ይኸው ጉልበት ይሰጣል።»

ጎመን የሚለውን ቃል ወረቀቴ ላይ ጻፍኩት።

ዋርፋሪን ደም የሚያቀጥነው ቫይታሚን ኬ የሚባለውን ነገር እየተቃወመ ነው። ጎመን ደግሞ ቫይታሚን ኬ ነው፤ በየቅጠሉ ሞልቶ። ይህን የማያውቅ ፋርማሲስት የለም። እኔም ሳውቀው ነው የኖርኩት፤ ለፈተና ጽፌዋለሁ፣ ግን ጾም ከሚባል ነገር ጋር አንድ ላይ አስቤው አላውቅም። ጾመኛ ሆኜ፣ ምሳዬ ራሱ ጎመን ሆኖ!

«እትዬ፣ አትክልት ይበላሉ ወይ ብለው አልጠየቁዎትም?»

«ጠይቀውኛል። ሰላጣ አልወድም አልኳቸው።»

«ጎመኑንስ?»

«ጎመን ወጥ አይደለም እንዴ? ደግሞ ስለ ወጤ ምን አገባቸው?»

ወንበሬን ሳብኩ። አሁን ጥያቄዎቹ ራሳቸው ይመጡልኝ ጀመር። «ከጾም ውጪስ?»

«ሥጋ እያለ ማን ጎመን ያያል።»

«ባለፈው ፋሲካ ጤናዎ እንዴት ነበር?»

አሰብ አደረጉ። «እሱንስ ተይው። በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ አፍንጫዬ ደምቶ አልቆምም አለ። ልጄ ድንገተኛ ክፍል ወሰደችኝ። ያኔ ደግሞ ክኒኑን አብዝተሽ ወስደሻል አሉኝ። ዘንድሮ አትወስጂም፣ አምና አበዛሽ። ከእነሱ ጋር ምን ይሻላል?»

ወደ አሠልጣኜ ዞርኩ። ኖርዌይኛዬ ተደነቃቀፈ፣ ግሱን ከስሙ በፊት፣ ስሙን ከግሱ በፊት አደረግሁት፤ እሷ ግን እጇን አንስታ አላስቆመችኝም። ሴትዮዋ ክኒናቸውን ይውጣሉ አልኳት። ጾሙን ሙሉ ጎመን ስለሚበሉ ነው ቁጥሩ የወረደው። ሐኪሙ መጠኑን ጨምሯል። ነገ ቤታቸው ይገባሉ፣ እሑድ ጾሙ ይፈታል፣ ጎመኑ ይቆማል። የተጨመረው ክኒን ግን አይቆምም፤ እንዲያውም ነርስ እየመጣች አንዱም እንዳይቀር ታደርጋለች። የዚያን ጊዜ የሚደማው አፍንጫ ብቻ ላይሆን ይችላል።

«ምን ያህል ነው የምትበላው?» አለች አሠልጣኜ።

አልጠየቅኩም ነበር። ዞሬ ጠየቅኩ። እትዬ በሁለት እጃቸው የድስቱን ስፋት አሳዩን። ትርጉም አላስፈለገውም። አሠልጣኜ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ሰዓቴ አልፏል። ምንም ሳትል ተነሳች።

«ሐኪሙ ጋ እንሂድ።»

ሐኪሙ የአምናውን ቁጥሮች ከፈተ። ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ አጎነበስን። በጾሙ ወራት ወርዷል፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ነሐሴ ላይም ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነገር ነበር። «ፍልሰታ!» አልኩ ሳላስበው፤ ሁለቱም ዞረው አዩኝ። በእጄ ጠረጴዛውን ይዤዋለሁ፤ ባልይዘው የምዘልል ነበር የመሰለኝ። እንዲህ ዓይነት ደስታ የረሳሁት ነገር ነው።

«ይህ ጾም በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል?» አለ ሐኪሙ።

«ይለዋወጣል።»

«ታዲያ እኛ በምን እናውቃለን?»

«እኔን ትጠይቁኛላችሁ» አልኩት። ወዲያው አፌን ያዝኩ። ሰኞ የት እንደምሆን እኔ ራሴ አላውቅም።

መጠኑን ወደ ቀድሞው መለሰው። ቁጥሩ እስኪስተካከል ልጃቸው ቤት ውስጥ ደም የሚያቀጥን መርፌ ትወጋቸዋለች፤ ከበዓሉ በኋላ ቶሎ መጥተው ይለካሉ። የነርሷም ነገር ቀረ።

ኮሪደሩ ላይ አሠልጣኜ ቆመች። እኔም ቆምኩ።

«ስለ ራስሽ አወራሽ።»

«አዎ።»

«ምን ጠይቃሽ ነው?»

«ማን እንደሞተብኝ።»

የሞተብኝን ታውቃለች፤ ሳመለክት ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ ነግሬያታለሁ። «ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይገባኝ ተቀመጥኩ» አለች። «እያቆምሽ መንገር ነበረብሽ። የምትበላውንም መጠን ሳትጠይቂ ነው መደምደሚያ ላይ የደረስሽው።»

«አዎ።» ሁሉም እውነት ነው።

«እዚህ ክፍል ስትሠሪ መጀመሪያ መጠኑን ጠይቂ።» ሰዓቷን አየች። «እኔ ስብሰባ አለኝ። አዲሱን ዕቅድ ሄደሽ ንገሪያት። መስኮቱ አጠገብ የተኛችው ደግሞ ዛሬ ጠዋት የገባች ናት፤ ማንም አልጠየቃትም። ያዣት።»

«ብቻዬን?»

«ከማን ጋር ልትሠሪ ነበር?» አለችና ወደ ደረጃው ሄደች።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አንድ ነርስ አልጋ እየገፋች ስትመጣ ነው ከመንገዷ ዞር ያልኩት። ዓይኔ እንባ ሞልቷል፤ ግን የለመድኩት እንባ አልነበረም። ለማን ልንገረው የሚለው ሐሳብ እንደመጣ የሚነገረው ሰው እንደሌለ አስታወስኩ፤ ሁለቱም አብረው ደረቴ ውስጥ ተቀመጡ፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም። ፊቴን ጠርጌ ገባሁ።

ለእትዬ ዕቅዱን ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ነርሷ አትመጣም?»

«አትመጣም።»

«ክኒኔን እንደምውጥ አመኑ?»

«አምነዋል።»

ከሁሉ በላይ ያስደሰታቸው ይኸኛው ነበር። ትራሳቸውን አስተካክለው ተደላደሉ። «ጎመኑንስ ከለከላችሁኝ?»

«አልከለከልንም። ዓመቱን ሙሉ እኩል እኩል፣ ትንሽ ትንሽ ይብሉ። ጾም ሊገባ ሲል ደግሞ አስቀድመው ይደውሉ፤ ሊወጣ ሲልም።»

«ለማን ነው የምደውለው? ያ ልጅ እግር ሐኪም ስለ ጾም ምን ያውቃል?»

«ለእኔ።»

«ትኖሪያለሽ?»

«እኖራለሁ።»

መስኮቱ አጠገብ ያሉት ኖርዌያዊት አሮጊት ወሬያችንን ሳይገባቸው ሲሰሙ ቆይተዋል። ተራቸው መሆኑን እንዳወቁ፣ መድኃኒታቸውን የያዙበትን የገበያ ፌስታል ብርድ ልብሱ ላይ ዘረገፉት። አንሶላው በሣጥንና በብልቃጥ ተሞላ፤ ከመሃሉም የመኪና ቁልፍ ወጣ።

«ከየቱ ልጀምርልሽ?» አሉኝ።

«ከሚጠሉት» አልኳቸውና ወንበሬን አስጠጋሁ።