ሂጂ ያላሉኝ ቀን

ባሕር ዳርን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ለአንድ ቀን ተኩል። ሰው አንድ ቀን ተኩል ያየውን ከተማ እንዲህ ይናፍቃል ብሎ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅበት ነበር። እኔ ግን እናፍቀዋለሁ። ሰቆጣ ውስጥ ክፍል ገብቼ ለሕፃናት ፊደል እያስቆጠርሁ፣ መሐል ላይ አንድ አልጋ ትዝ ይለኛል፤ መስኮት ሥር ያለ ተደራራቢ አልጋ፣ የላይኛው። የኔ ሊሆን ነበር።

ያን ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ ትንሽ ጎደለ። ትንሽም ቢሆን ጎደለ ማለት ጎደለ ነው፤ አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ ኮሌጅ አመለከትሁ። ሁለት ቦታ ተፈተንሁ። አንደኛው እዚሁ ሰቆጣ የመምህራን ኮሌጅ ነው፣ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ የሚያስተምሩ መምህራን የሚሠለጥኑበት ክፍል። ሁለተኛው ባሕር ዳር ነው፣ የጤና ኮሌጅ፣ አዋላጅነት። አንዱ እንኳ ከተቀበለኝ ስለት አለብኝ ብዬ ነበር። ሁለቱም ተቀበሉኝ። መንደሩ ሁሉ እልል ሲል እኔ ደስታው የቆየልኝ ሁለት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ መምረጥ መጣ።

ቤት ውስጥ የቀረነው አባቴና እኔ ነበርን። እናቴ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ታላቅ ወንድሜ አንድ ማለዳ ገበያ እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ፣ ከሁለት ወር በኋላ ከዓረብ አገር ደወለ። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ቄስ ደግሞ ሚስቱ ብትሞት ሌላ አያገባም። እኔ ከሄድሁ ከሰቆጣ ወጣ ብላ ጋዝጊብላ ባለችው ቤታችን ብቻቸውን መቅረታቸው ነው። ከቅዳሴ ሲመለሱ ምሳ የሚያቀርብላቸው፣ ሲያማቸው ውኃ የሚያቀብላቸው የለም። ሰቆጣ ከገባሁ በየሳምንቱ መጥቼ አያቸዋለሁ። ባሕር ዳር ከገባሁ በዓመት አንድ ጊዜ ከመጣሁም ትልቅ ነገር ነው።

ልቤ የፈለገው ግን ባሕር ዳርን ነበር። አዋላጅነት ለምን እንዳማረኝ አልዋሽም፤ ጤና ጣቢያችን ውስጥ የነበረችው አዋላጅ ሰው ስትቆጣ ደስ ትለኝ ነበር። ባሎችን፣ አማቶችን፣ አንዳንዴም አባቴን ትቆጣለች፤ ሁሉም ‘እሺ እቴ’ ብለው ይታዘዟታል። መቆጣት እኔም ይዋጣልኛል።

አባቴ ይኼን ምረጪ፣ ያን ተዪ አላሉም። ያሉት አንድ ነገር ነው፤ “ጉባኤው ሳይታይ አይገባም።” እሳቸው በልጅነታቸው ዜማ ሊማሩ ጎጃም ድረስ በእግራቸው የሄዱ ሰው ናቸው። በቤተ ክህነት ትምህርት ተማሪ የሚመርጠው መምህሩን ነው። ጉባኤው ዳር ሁለት ሦስት ቀን ተቀምጦ ይሰማል። የኔታ ድምፃቸው የጠራ ነው ወይ፣ ተማሪ ሲስት በዱላ ነው ወይስ በቃል የሚያርሙት፣ ወንዙ ይርቃል ወይ፣ የመንደሩ ውሻ ክፉ ነው ወይ ብሎ ነባሮቹን ይጠይቃል። ኮሌጅም እንደዚያ መስሏቸው ነበር።

ሰቆጣ ቅርብ ስለሆነ እሱን አስቀደምን። ግቢው ውስጥ ነፋስ አቧራውን ያንቀዋልላል፤ አንድ ክፍል በሩ ክፍት ነበርና አጠገቡ ቆምን። መምህሩ በኽምጣኛ እያስተማረ ነው። እናቴ አማርኛ ስትናገር ሰው ቤት የተቀመጠች እንግዳ ትመስል ነበር፤ የምትቀልደውም፣ የምትሳደበውም በኽምጣኛ ነው። ያ ቋንቋ በጠመኔ ተጽፎ ሳየው ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብሁት። አባቴ ረዘም አድርገው ካዳመጡ በኋላ “የእናትሽ ቋንቋ ነው” አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። አለቀልኝ አልሁ በልቤ፤ እዚሁ ሊያስቀሩኝ ነው።

ባሕር ዳር የሄድነው በሳምንቱ ነው። ማለዳ አውቶቡስ ይዘን፣ አቧራ ስንቅም ውለን፣ አመሻሽ ላይ ደርሰን አባቴ ከጎጃም ትምህርታቸው ጀምሮ የሚያውቋቸው ቄስ ቤት አደርን። በማግስቱ ኮሌጁ በር ላይ ዘበኛው መስቀል ተሳልሞ “ማንን ፈልገው ነው አባ?” አላቸው።

“የኔታን” አሉ።

“የትኛውን የኔታ?”

“አዋላጅነት የሚያስተምሩትን ነዋ።”

“ኧረ እነሱ ብዙ ናቸው አባ።”

አባቴ ግራ ገባቸው። “ብዙ ከሆኑ ተማሪው የማን ደቀ መዝሙር ነው ሊባል ነው?” ብለው ጠየቁ፤ ከልባቸው ነው። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ምን የመሰሉ ልጆች፣ ነጭ ጋውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው በአጠገባችን ያልፋሉ። ዘበኛው ግን ጨዋ ሰው ነበር፤ አልሳቀም። አንዲት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጠርቶ “እኒህን አባትና ልጂቱን አስጎብኚያቸው” አላት።

ልጅቷ የመንዝ ልጅ ነኝ አለችኝ፤ ወሬኛ ናት፣ ወዲያው ወደድኋት። መኝታ ክፍሉ የሴቶች ስለሆነ አባቴ ውጭ ቀሩ፣ እኔን ይዛኝ ወጣች። ክፍሉ ውስጥ ስምንት አልጋ አለ። መስኮት ሥር ያለውን የላይኛውን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ “የዚች ባለቤት ተመርቃ ሄደች። ከወደድሻት ቶሎ ተመዝገቢ፣ ሌላ ሳይቀድምሽ” አለችኝ። ወጥቼ ተቀመጥሁበት። ሐይቁ በሁለት ጣራዎች መሐል ስንጥር ታህል ይታያል። ግድግዳው ላይ የቀድሞዋ ልጅ በእስክሪብቶ የፈተና ቀኖችን ጽፋ ሰርዛቸዋለች። ከዚህ በታች የኔን እጽፋለሁ ብዬ ቦታውን በጣቴ ለካሁ። እንዲህ ያለ ሞኝነት አለብኝ።

ስወርድ አባቴ በቆሙበት የሉም። ብንፈልግ፣ አንድ ክፍል መስኮት ሥር ደረጃ ላይ ቁጭ ብለዋል፣ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው። ውስጥ መምህሩ ተወልዶ ያላለቀሰ ሕፃን እንዴት ትንፋሹ እንደሚመለስ ያስተምራል። ልጅቷ ልትጠራቸው ስትል በእጃቸው ‘ዝም በሉ’ አሉን። ትምህርቱ እስኪያልቅ አልተነሡም። ሲነሡ “ይኼ ሰውዬ ያውቃል” አሉኝ።

“በምን አወቁ?”

“መሐል ላይ ተሳሳተና ‘ተሳስቻለሁ፣ ሰርዙት’ አላቸው። የማያውቅ መምህር ተሳሳትሁ አይልም።”

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ወስጃቸው ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ነከሩ። ውኃ በመዳፋቸው ጨልፈው አዩትና “ይኼ ሁሉ ውኃ፣ ቀጂ የሌለው” ብለው ሳቁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም። ያን ሰዓት ምነው ባላለቀ እያልሁ ነበር።

ቤት ከተመለስን በኋላ ዝም አሉ። የባሕር ዳሩ ምዝገባ በአሥራ አምስተኛው ቀን ይዘጋል። አንድ ሳምንት አለፈ፣ አሥረኛው ቀንም መጣ፤ ዝም። ‘ዝም አይነቅዝም’ ይላል ያገሬ ሰው፤ የኔ ግን ሆዴ ውስጥ ነቀዘ።

“አባ፣ ምን ይሉኛል?” አልኋቸው።

“እግዚአብሔር ያውቃል።”

“እግዚአብሔርማ ያውቃል፤ እርስዎ ምን ይላሉ ነው የምልዎት።”

ፈገግ ብለው ጋቢያቸውን አጣፉና ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። እኔ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ነበር የምጠብቀው፤ ‘ሂጂ’ የምትል። እንደ ወንድሜ ጥያቸው ጠፋች እንድባል አልፈልግም። ሂጂ ካሉኝ መርቀው ሸኙኝ እላለሁ፣ ልቤም አይከሰኝም።

ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አባቴ እንደ ልማዳቸው ማለዳ ኪዳን ሊያደርሱ ወጡ። ተነሥቼ ሳይ በሩ አጠገብ ካለው ችካል ላይ አዲስ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ውስጡ በማር የታሸ በሶና አንድ ጭብጥ የሚያህል ድርቆሽ ነበር። ከየት መጣ ብዬ ሳላበቃ ሁለት የአብነት ተማሪዎች ደጃፍ ላይ “በእንተ ስማ ለማርያም” አሉ። የተጋገረ አልነበረኝም። አባቴ ተማሪ ሆነው ለምነው ስለበሉ ለተማሪ ሁልጊዜ የሚሰጥ ያስቀምጣሉ፤ ይኼንንም ለነሱ ብለው ነው አልሁ። ከነከረጢቱ አንሥቼ ሰጠኋቸው። ማር ማየታቸው ይሁን ምን እንጃ፣ ምርቃታቸው ማለቂያ አጣ።

ከዚያ እሳት አነደድሁ። አባቴ ተመልሰው መጡ፤ እኔን አዩ፣ ችካሉን አዩ፣ ተቀመጡ። ቁርሳቸውን ሳቀርብ ሁለት ጊዜ ጎርሰው ተዉት። እኔም ዝም፣ እሳቸውም ዝም። ዝምታቸውን ‘ቅሪልኝ’ ማለታቸው ነው ብዬ ተረጎምሁት። በሦስተኛው ቀን “ሰቆጣ እገባለሁ” አልኋቸው። “ይሁን፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ” አሉ።

ሰቆጣ ገባሁ፣ ተመረቅሁ፣ አስተማሪ ሆንሁ። ሥራዬን አልጠላውም፤ እንዲያውም ደህና አስተማሪ ነኝ። ኽምጣኛ ብቻ የሚሰማ ልጅ መጀመሪያ ቀን ክፍል ገብቶ በእናቱ ቋንቋ ሳናግረው ዓይኑ ሲበራ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም ክረምቱ ወጥቶ ልጆች ሻንጣ ይዘው መናኸሪያ ሲጋፉ ሳይ መንገዴን ትቼ ቆሜ አያቸዋለሁ። የመንዟ ልጅ ተመርቃ የት ደረሰች እላለሁ። ያ አልጋ ላይ ማን ተኛችበት እላለሁ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ወላድ ስትጮህ ከሰማሁ ቶሎ እወጣለሁ፤ ፈርቼ አይደለም፣ ቀንቼ ነው።

አባቴ ዓይናቸው ስለደከመ ዛሬ ከኔ ጋር ሰቆጣ ይኖራሉ፣ በተከራየኋት ቤት። አምና መስከረም ላይ የጎረቤታችን ልጅ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደርሷት እናቷ እያለቀሰች ሸኘቻት። ሸኝቼ ስመለስ ሆድ ብሶኛል። አባቴ መቁጠሪያቸውን ይዘው ፀሐይ ይሞቃሉ። ነጠላዬን ወርወር አድርጌ “ዕድለኛ ናት፣ እናቷ ሂጂ አለቻት። እኔንማ ማን ሂጂ አለኝ” አልሁ። ከአፌ አመለጠኝ።

የአባቴ ጣቶች መቁጠሪያው ላይ ቆሙ። “አላልሁሽም እንዴ?”

“መቼ?”

“ስንቅሽን ሰቀልሁልሽ አይደል።”

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ እሳቸው ቀስ ብለው ነገሩኝ። ለትምህርት የሚሄድ ልጅ በነሱ ቤት አይሸኝም፤ ወላጅ በአፉ ሂድ ካለው፣ ካለቀሰለት፣ የልጁ ልብ እኩሉ ቤት ይቀራል። እሳቸው ጎጃም የሄዱ ቀን እናታቸው በሶውን በማር አሽታ በሩ ላይ ሰቅላ ውኃ ልትቀዳ ወረደች። እሳቸውም ስንቃቸውን አንግተው ሄዱ። ሳይሳሳሙ ተለያዩ። ለኔም ጎረቤት ለምነው በሶ አስፈጭተው፣ በእጃቸው አሽተው፣ እኔ እንድሄድ ብለው ወደ ኪዳን ወጡ።

“እኔ ምን አውቃለሁ አባ!” አልኋቸው። ጮኼባቸዋለሁ። “የቆሎ ተማሪ ነኝ እንዴ እኔ? ለተማሪዎቹ እኮ ነው የሰጠኋቸው!”

“ዐወቅሁ። ስመለስ መንገድ ላይ ሲበሉ አገኘኋቸው፤ ልጅዎ ሰጠችን አሉኝ። ስንቅሽ መሆኑ እንዳልገባሽ ያን ጊዜ ተረዳሁ።” ፊታቸውን ወደኔ መለሱ፣ የት እንዳለሁ በደንብ ሳይታያቸው። “ከቤታችን ጭስ ሲወጣ አየሁ። አለች አልሁ። ደስ አለኝ ልጄ። አውቶቡሱ ገና አላለፈም ነበር።”

አውቶቡሱ የሚያልፈው ቤታችን አጠገብ ባለው መንገድ ነው። ሂጂ ቢሉኝ ሮጬ እደርስበት ነበር። ቁርስ አቀረብሁላቸው እንጂ፤ ሁለት ጊዜ ጎርሰው ተዉት እንጂ። የአውቶቡሱን ጥሩምባ ሁለታችንም ሰምተነዋል ማለት ነው፣ እሳቸው ምን እንደሆነ እያወቁ፣ እኔ ሳላውቅ።

“ይቅር በይኝ” አሉ። አገር ሁሉ ‘ይፍቱኝ አባ’ ብሎ ጉልበታቸው ላይ የሚወድቅላቸው ሰው፣ እኔን ይቅር በይኝ አሉ። አለቀስሁ። ተናደድሁም፤ ሁለቱ አንድ ላይ መጡብኝ። ቀረብሁና “እግዚአብሔር ይፍታ” አልኋቸው። እጄን ይዘው “ብልሽ ኖሮ ትሄጂ ነበር?” ብለው ጠየቁኝ።

“እንጃ አባ” አልሁ። “እርስዎን ጥዬ የት እሄዳለሁ።”

እሄድ ነበር። ወደ ኋላም ዞሬ አላይም ነበር።